የፍላሽ ድንጋይ ተሸካሚው

ባትሪ ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። በእጅ የሚያዘውን መብራት ባትሪ እንለዋለን፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውንም እንዲሁ ባትሪ እንለዋለን። ያገራችን ሰው ግን ይህን ችግር ቀድሞ ፈትቶት ሁለተኛውን "ድንጋይ" ብሎታል። የባትሪ ድንጋይ፣ የራዲዮ ድንጋይ። በሸርቆሌ ገበያ በሱዳን ዓረብኛ የሚገበያየው ሰውም የሚጠራው ሐጀር ብሎ ነው፤ ትርጉሙ ያው ድንጋይ። አንዱ ካንዱ ተዋሰው ወይስ ሁለቱም በየፊናቸው ደረሱበት? ይህን ለቋንቋ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንተወው። እኛን የታሪክ ተማሪዎቹን የሚያሳስበን፣ ፎቶግራፍ በሚነሳበት ጊዜ ይህ ድንጋይ በማን ኪስ፣ በማን ትከሻ ይዞር ነበር የሚለው ነው።

"ይኸም ታሪክ ሆኖ!" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን እስኪ እንነጋገር። ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው ከተባለ፣ ማስረጃው በብርሃን ነው የሚጻፈው። ቀን ብርሃኑ የእግዜር ነው፤ ማታና ቤት ውስጥ ግን ብርሃን ተገዝቶ፣ ተቆጥሮና ተሸክሞ የሚመጣ ዕቃ ነው። የታየውና ሳይታይ የቀረው ነገር የተወሰነው ካሜራውን በያዘው ሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን ከኋላው በቆመው ልጅ ከረጢት ውስጥ በነበረው የድንጋይ ብዛትም ጭምር ነው።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመኖቹ አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲክ ከማግኒዚየም የተቀመመ የብልጭታ ዱቄት ሠሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ያዕቆብ ሪስ የተባለው ጋዜጠኛ ዱቄቱን ይዞ የድኾች መኖሪያ ወደሆኑት ጨለማ ክፍሎች በሌሊት ገባ። በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ከተማውን አስደነገጠ፤ ያ ጉስቁልና ቀድሞም ነበር፣ የጎደለው ብርሃን ነበር። ሰውዬው ቤት እስከማቃጠል መድረሱን ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በ1929 ጀርመን አገር የብልጭታ አምፑል ለገበያ ቀረበ። ጭሱ ቀረ፤ ግን አንዱ አምፑል አንዴ በርቶ የሚጣል ስለሆነ ለመቶ ፎቶ መቶ አምፑል መሸከም ግድ ነበር። በ1931 አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያፈነዳ ደጋግሞ የሚበራውን ፍላሽ ሠራ። ከዚህ በኋላ አምፑሉ ቋሚ ሆነ፤ ሸክሙ ወደ ድንጋዩ ዞረ። ሸክም ግን ዞሮ ዞሮ ሸክም ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ስለነሱ ብዙ ተጽፏልና አንደግመውም። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ የስቱዲዮ ሰው ብርሃን ይዞ አይዞርም። ብርሃኑ እሱ ዘንድ አለ፤ ባለጉዳዩ ለብሶ፣ ተኳኩሎ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ብርሃኑ ይመጣል። ቆላ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ከአሶሳ በስተሰሜን ወደ መንጌና ሸርቆሌ ሲወረድ ብርሃኑ ነው ወደ ሰው የሚሄደው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡት ሠፋሪዎች በተቋቋሙባቸው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር በተሰጣቸው የአሶሳ አምባዎች ሠርግ ሲኖርም ነገሩ ያው ነው። ፎቶ አንሺው ከከተማ ይመጣል፤ መብራት ስለሌለ የሚተማመነው በያዘው ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ተሸካሚው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ብዙውን ጊዜ የፎቶ አንሺው ታናሽ ወንድም ወይ ሙያ ለማጀው ልጅ ነው። ፍላሹ አራት ትናንሽ ድንጋዮች ይጎርሳል፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 6 ቮልት። ፍላሹ ይህን 6 ቮልት ወደ 300 ቮልት ገደማ አሳድጎ ያጠራቅምና በአንድ ቅጽበት ይለቀዋል። ሲያጠራቅም እንደ ትንኝ "ሲ...ይ" እያለ ያፏጫል፤ ሲሞላ ከጀርባው ያለችው ቀይ ነጥብ ትበራለች። ለማጁ ይህን ፉጨት በጆሮው ይከታተላል። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን እስከ አሥር ሳይቆጠር ነጥቧ ትበራለች። እየደከመ ሲሄድ ሃያ፣ ሠላሳ ያስቆጥራል። ሙሽራ ደግሞ ሠላሳ እስኪቆጠር ፈገግ ብላ አትጠብቅም እኮ!

አያያዙ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ድንጋዮቹ አራት አራት ሆነው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ይታሠራሉ። አዲሶቹ በቀኝ ኪስ፣ ያገለገሉት በግራ። ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ እንዲለዩ ያዲሶቹ ጡት ወደ ላይ፣ የደከሙት ወደ ታች ይደረጋል። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አይቀመጡም፤ ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ድንጋዩ በከንቱ ይግልና ያልቃል። ከሁሉ የሚብሰው አዲስና አሮጌ መደባለቅ ነው። ሦስት ብርቱዎች መሐል የገባ አንድ ደካማ ጉልበታቸውን ይጎትታል፤ እሱም መጨረሻው ማልቀስ ይሆናል፣ ፈሳሹ ወጥቶ የፍላሹን ሆድ ዕቃ ይበላል። ስለዚህ አራቱ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። (ማኅበር እንዴት እንደሚዋቀር ያስተማረን ካለ ይኸው ነው፤ ቀልዳችን ነው።)

በሸርቆሌ ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። ሙቀት ደረቅ ድንጋይን ሥራ ሳይሠራ ያደክመዋል፤ በውስጡ ያለው ዚንክ ቁጭ ባለበት ይበላል። ስለዚህ አዲሱ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ያለበት ይፈለግለታል። ያለቀው ግን በተቃራኒው ፀሐይ ላይ ይሰጣል! ይህን ዘዴ ራዲዮ ያለበት ገጠር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ የቀረውን ኬሚካል ለጊዜው ስለሚቀሰቅሰው ድንጋዩ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ያችው ፀሐይ አዲሱን ትገድላለች፣ ሟቹን ታስነሳለች። ለፍላሽ ያልቻለው ድንጋይም ወዲያው አይጣልም፤ ራዲዮ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የግድግዳ ሰዓት ያዞራል። በመጨረሻም ይፈጨና ጥቁር ዱቄቱ በቅጠል ተለውሶ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይቀባበታል። ከመካከላችን ፊደል የቆጠርንበትን ሰሌዳ ያጠቆረው የማን ሠርግ እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ለማጁ ከረጢቱን ሲያስተካክል የሚሠራው የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ብቻ አልነበረም። "ይህ አራት ለቃል ኪዳኑ ይቆይ፣ ጭፈራው በዚህ በደካማው ይለፍ፣ የወጥ ቤት ሴቶቹ ነገ በቀን ይነሱ" ብሎ ሲመድብ፣ ምን እንደሚታወስና ምን እንደሚረሳ እየመደበ ነበር። እኛ ታሪክ ጸሐፊ የምንለው ሰው ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል? ልዩነቱ እሱ የሚመድበው በገንዘብ ልክ መሆኑ ነው። ከፋዩ የሠርጉ አባት ከሆነ ትኩሱ ድንጋይ ለሙሽሮቹ ይሆናል፤ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ከሆነ ለመድረኩና ለእንግዳው።

ከዚህ ነው የታሪኩ ጉዳት የሚመጣው። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረዥም መለከት አለው። አንድ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራ በተራ ሲነፉ ነው። አንዱ ቢጎድል ዜማው ይጎድላል። እኛ ያየናቸው የዋዛ ፎቶግራፎች ሁሉ ግን የቀን ናቸው፦ ለበዓል፣ ለእንግዳ አቀባበል፣ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት። ጭፈራው ከመሸ በኋላ ሲደምቅ ነፊዎቹ በላብ ተውጠው፣ ሴቶቹ ከብበዋቸው፣ ልጆች አቧራው ውስጥ ተኝተው የሚታዩበት የለም። ነገ አንድ ተመራማሪ እነዚህን ሥዕሎች ብቻ ዘርግቶ "ዋዛ የአቀባበል ሙዚቃ ነው" ብሎ ቢጽፍ በምን እንመልስለታለን? ሥዕሎቹ አልዋሹም፤ ድንጋይ ስላልነበረ ዝም አሉ እንጂ።

የስደቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በሸርቆሌ ስም የሚጠራው መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሱዳን ስደተኞች ተከፈተ፤ በመስከረም 2011 በብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ገባ። ከጥይት የሚሸሽ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ካሜራው የሚያገኘው ግን ነግቶ፣ ተሰልፎ፣ ውኃ ጠጥቶ ነው። ዓለምን ያስለቀሰው የኮረም ፊልም እንኳ፣ መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያነሳው፣ የንጋት ፊልም ነው። የዚያ ሌሊት ብርድ የት አለ?

መሐመድ አሚንን ካነሣን አንድ ሌላ ስም ሳንጠራ አናልፍም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ግራ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ግን ሕይወቱን አጣ። ስለ እጁ ያልሰማ የለም፤ ስለ ማታይ ስንቶቻችን ሰምተናል? ማታይ ቢያንስ ስሙ ተጽፏል። የኛዎቹ ተሸካሚዎች ግን ከነሥራቸው የፎቶው ጀርባ ላይ ከሚመታው የስቱዲዮ ማኅተም በታች እንኳ ቦታ አላገኙም።

ዛሬ ድንጋዩ መልኩን ቀይሯል። ተሞልቶ ደጋግሞ የሚሠራው መጣ፣ ስልክም ፍላሹን ሆዱ ውስጥ ይዞ ተወለደ። ከሸርቆሌ ብዙም በማይርቀው፣ ከአባይ ማዶ ጉባ ላይ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያም ሆኖ ለጉዞ ስንወጣ የስልክ መሙያውን ከረጢት የሚሸከመው አንድ ሰው ነው፤ በሥዕሉ ውስጥም የለም።

እኛ ጥቂት የክፍል ጓደኞች ከዚያ አካባቢ ያገኘናቸውን አሮጌ ፎቶግራፎች መመዝገብ ጀምረናል። ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር ከፍተናል፦ ማን አነሳ፣ ማን ተነሳ፣ ድንጋዩን ማን ያዘ። ሦስተኛው መስመር እስካሁን በአብዛኛው ባዶ ነው። ከአሶሳ፣ ከመንጌ፣ ከኩርሙክ፣ ከሸርቆሌ የመጣችሁ ለዕረፍት ስትገቡ አጎቶቻችሁን ጠይቁልን፤ ስሙ ከተገኘ በየትኛው ሠርግ፣ በየትኛው አምባ እንደነበረ ጨምራችሁ ጻፉልን። ሰኔ ከማለቁ በፊት ከደረሰን በሚቀጥለው ቅጽ እናወጣዋለን።