የዲኤችሲፒ ሰርቨር ብዙ የኔትወርክ ካርድ ባለው ማሽን ላይ

ዲኤችሲፒ ለኮምፒውተሮች የአይፒ አድራሻን፣ የራውተር አድራሻንና ተያያዥ ቅንብሮችን ለተወሰነ ጊዜ በራሱ የሚያድል ፕሮቶኮል ነው፤ አሁንም የሚሠራበት መግለጫ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሰርቨሩ ሁለትና ከዚያ በላይ የኔትወርክ ካርድ ሲኖረው፣ ለምሳሌ አንዱ ወደ ኢንተርኔት ሌላው ወደ ቢሮው ኮምፒውተሮች ሲያመራ፣ ከአድራሻዎቹ ክልል በፊት መወሰን ያለበት አገልግሎቱ በየትኛው ካርድ እንደሚያዳምጥ ነው። ምክንያቱ ከፕሮቶኮሉ አሠራር ይመነጫል። አድራሻ የሌለው ኮምፒውተር ማንን እንደሚጠይቅ ስለማያውቅ ጥያቄውን በ255.255.255.255 ለሁሉም ይበትናል፤ የሰማ ሰርቨር ሁሉ ሊመልስለት ይችላል፤ በተለመደው አሠራር ደግሞ ጠያቂው ትክክለኛውን ሰርቨር ከሌላው የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በተሳሳተ ካርድ የሚመልስ ሰርቨር የሚጎዳው፣ ስለ መኖሩ እንኳ የማያውቁ የሌላ ኔትወርክ ተጠቃሚዎችን ነው።

በሊኑክስ ለረጅም ጊዜ ያገለገለውና አዘጋጁ አይኤስሲ ጥገናውን በ2022 እ.ኤ.አ. ያቆመው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ዲኤችሲፒዲ፣ ሳብኔቱ በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ያልተጻፈለትን ካርድ ራሱ ይተወዋል፤ ታዲያ ካርዱን በስም መጥቀስ ለምን ያስፈልጋል የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ክርክሩ እውነት አለው፤ ጥበቃው ግን የቆመው በፋይሉ ውስጥ በሌለ መስመር ላይ ነው። ሰርቨሩ ስለተወው ካርድ በሎጉ ስለሚጽፍ፣ ያንን ማሳሰቢያ ለማጥፋት ሳብኔቱን ከነአድራሻ ክልሉ የሚጨምር ሰው ጥበቃውን ሳያውቀው ያነሳዋል። ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን ፖርት 67 በፋየርዎል መዝጋት ይበቃል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ይበልጥ አሳሳች ነው። ዲኤችሲፒዲ በሊኑክስ ላይ ጥያቄዎቹን የሚያነበው በሮው ሶኬት ስለሆነ፣ የሊኑክስ ፋየርዎል አይፒቴብልስ ፓኬቱን ከመጣሉ በፊት ቅጂው ይደርሰዋል፤ የፋየርዎሉ ደንብ እያለም አድራሻ ማደሉን ይቀጥላል። ተተኪው ኬአ የሚያዳምጥባቸው ካርዶች በዋናው ፋይል እንዲዘረዘሩለት ይጠይቃል፤ ሁሉንም የሚወክል የኮከብ ምልክትም ይቀበላል። ብዙ ካርድ ባለው ማሽን ላይ በኮከቡ መጠቀም ግን ውሳኔውን መልሶ ለአጋጣሚ መተው ነው።

ካርድን መምረጥ ሳብኔትን መምረጥ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በሌላ ሕንፃ ያለ ሪሌይ ኤጀንት ጥያቄ ሲያስተላልፍ የራሱን አድራሻ ይጨምርበታል፤ ሰርቨሩም ሳብኔቱን የሚለየው ጥያቄው በገባበት ካርድ ሳይሆን በዚያ አድራሻ ነው። በመሆኑም በአንድ ካርድ ብዙ ሳብኔቶችን ማገልገል ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሳብኔት ግን በፋይሉ መጻፍ አለበት። የተመረጠው ካርድ ቋሚ አድራሻ ሊኖረው፣ አገልግሎቱ ከመነሳቱ በፊትም ሥራ ሊጀምር ይገባል፤ ካልሆነ ዲኤችሲፒዲ የሚያዳምጥበት ካርድ አጥቶ ይቆማል።