የማይመለሱበት ድንበር፦ የጥቁር ጉድጓድ አድማስ ታሪክ

ስለ ጥቁር ጉድጓድ ወይም ብላክ ሆል ሲነሳ «ሁሉን ይውጣል» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ድንበሩን ነው። ሊቃውንቱ ይህን ድንበር በትክክል ለመረዳት ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርሃን ነው። ኢብኑል ሀይሠም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድበት አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1676 ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር የጁፒተርን ጨረቃ ተከታትሎ ይህንኑ አሳየ። ብርሃን የፍጥነት ልክ ካለው፣ እንደ ተወረወረ ድንጋይ የሚመልሰው ስበት ይኖር ይሆን? እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ሚሼል በ1783 አስልቶ፣ እንደ ፀሐይ የታመቀችና በስፋት 500 እጥፍ የምትበልጣት ኮከብ ብርሃኗን ታስቀራለች አለ።

በ1915 መጨረሻ ጀርመናዊው ካርል ሽቫርዝሺልድ በጦር ግንባር ሆኖ የአንስታይንን የስበት ቀመር ፈታ። ከስሌቱ አንድ የርቀት ልክ ወጣ፤ ለፀሐያችን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ላይ ግን ቀመሩ ይፈርሳል። ብዙዎች ግድግዳ ያለ መሰላቸው። አንስታይን ራሱ በ1939 እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ አይኖርም ብሎ ጻፈ።

ችግሩ የነበረው መለኪያው ላይ ነው። በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱት መስመሮች ዋልታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናሉ፤ ምድሪቱ ግን እዚያ አልተቀደደችም። ቤልጅየማዊው ጆርጅ ለሜትር በ1930ዎቹ ይህን ቢያሳይም ሰሚ አላገኘም። በ1958 ዴቪድ ፊንከልስታይን መለኪያውን ሲቀይር ግድግዳው ጠፋ፤ ወደ ውስጥ ብቻ የሚያሳልፍ ድንበር ቀረ።

ቮልፍጋንግ ሪንድለር በ1956 ያመጣው «የክስተት አድማስ» የሚለው ስያሜ የተስማማው ለዚህ ነው። በቸሃ ግቢን ከጀፎረ የሚለየው አጥር ይታያል፤ አድማስ ግን አጥር የለውም። ግዙፍ የሆነውን ጥቁር ጉድጓድ ድንበር የሚያልፍ ሰው ምንም ምልክት አያይም። መመለስ ግን የለም፤ ወሬውም ወደ ውጭ አይደርስም።

ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በ55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ያለው የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በምስል ታየ። በግንቦት 2014 የራሳችን ጋላክሲ ማዕከል ተከተለ፤ ክብደቱ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ነው። በመስከረም መጨረሻ ከዒሻ ሰላት ስንወጣ፣ ከቸሃ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከፍ ብሎ ያለው ሰማይ አቅጣጫው ነው።

ለእነዚህ ምስሎች ከሃዋይ እስከ ቺሊ፣ ከስፔን እስከ ደቡብ ዋልታ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተባብረዋል። ከአፍሪካ አንድም አልነበረም። አሁን ናሚቢያ ላይ ሊተከል ታቅዷል። የእንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በሚታይ ብርሃን ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ማዕከሉ ከአውሮፓ ይልቅ በእኛ ሰማይ ከፍ ብሎ ያልፋል። የቀረን መሣሪያውና ሒሳቡ ነው። ሒሳቡን ከዛሬ ጀምሮ ለልጆቻችን ማስተማር እንችላለን። ወላሁ አዕለም።