ቡሄ በደብረ ታቦር

የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን በየአገሩ ይከበራል፤ በደብረ ታቦር ከተማ ሲከበር ግን የከተማዋም የስሟ ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. ከባህር ዳር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በዋዜማው ገባን። (በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ጉዞው እንዲያ ቀላል አልሆነም።) ዝናብ፣ ጭቃ፣ የጅራፍ ጩኸት። ማታ ችቦ በራ፤ ልጆቹም ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ ከቤት ቤት ዞሩ። አዲስ አበባ ሙልሙሉ ወደ ብር ከተለወጠ ቆይቷል፤ እዚህ ዳቦው ገና አልተሸነፈም።

ከተማዋን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ድግስም በታሪኳ ውስጥ ክፉ ሥራ ሠርቷል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን እዚሁ ድል ነሥተው ደስታቸውን ሲያከብሩ፣ የራስ አሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። ያሸነፈው ታሰረ፤ የሸሸው ራስ ሆኖ ቀጠለ።

እኛን ከሁሉ በላይ የሳበን ግን ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ እነ ዋልድማየርንና ሞሪትዝ ሆልን ይዘው መድፍ ያሠሩት ከከተማዋ አጠገብ ባለው በዚህ ኮረብታ ነው። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ገደሉን እየደለደሉ፣ ራሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ ወራት ፈጀባቸው። የአውሮፓውያኑን ስም እናውቃለን፣ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ትቷል። ገመዱን የሳበው ሰውስ ማን ይባል ነበር? ቡሄ ላይ ስለ እሱ ቢወራ ደስ ባለን። ደግሞስ ከተማዋን አቃጥሎ የሄደ ንጉሥ እዚህ እንዴት ይታወሳል? የጠየቅናቸው አዛውንት «ልጄ፣ ቤቱ የራሱ ነበር» ብለው ዝም አሉ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ቅጂው ነው፤ ዋናው መቅደላ ቀርቷል።

ነሐሴ 14 ቀን ጠዋት መናኸሪያው በተመላሽ ሞልቶ ነበር። ጋፋት ላይ ያገኘናቸው ግን ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። መድፉ እዚህ እንደተሠራ ያውቃሉ፤ በየት በኩል እንደወጣም በጅራፋቸው ጠቁመው አሳዩን።