ምክር መቼ ይደርሳል? የሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማ መልሶ ልማትና የነዋሪዎች አማካሪ አካላት ሚና

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትገኘውን የሲልቨር ስፕሪንግን መሐል ከተማ መልሶ ልማት መነሻ አድርጎ፣ የነዋሪዎች አማካሪ አካል ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው ይመረምራል። የመጣጥፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። አማካሪ አካል የመወሰን ሥልጣን ባይኖረውም፣ ምክሩ ውሳኔ ከመጽናቱ በፊት ከደረሰ የከተማን መልክ ይለውጣል፤ ከዘገየ ግን በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይቀራል። ምክሩ በጊዜው መድረሱ ደግሞ በአብዛኛው በአማካሪነት ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ማንነት ላይ የተመሠረተ ነው። በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ፦ ከንቲባ የሌላት ከተማ

ሲልቨር ስፕሪንግን የረገጠ ሁሉ ከተማ ይላታል። የሜትሮ ባቡር ጣቢያ፣ ከፍታቸው ዓይን የሚስብ ፎቆች፣ ሲኒማ ቤቶች፣ ሰው የማይጠፋበት አደባባይ አላት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 81,015 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል። በሕግ ዓይን ግን ከተማ አይደለችም፤ የራሷ ከንቲባም ሆነ የራሷ የከተማ ምክር ቤት የላትም። የምትተዳደረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለውና መቀመጫውን ሮክቪል ባደረገው በሞንትጎመሪ ካውንቲ መንግሥት ነው። መሬቷ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ፣ የካውንቲው ምክር ቤትና የዕቅድ ቦርዱ ናቸው።

የነዋሪዎች አማካሪ ቦርድ በእንዲህ ያለ ቦታ የተለየ ክብደት የሚያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች አማካሪ ቦርድ 18 አባላት አሉት። አባላቱን የሚሾማቸው የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ሲሆን ሹመቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ከእሱ ጎን የመሐል ከተማውን ጽዳት፣ ጸጥታና የንግድ እንቅስቃሴ የሚከታተል ሌላ አማካሪ ኮሚቴ አለ። ሁለቱም ይመክራሉ እንጂ አይወስኑም። ቢሆንም ስለዚህች ስፍራ ብቻ እያሰቡ በመደበኛነት የሚሰበሰቡ የመንግሥት አካላት ሌሎች ብዙ አይደሉም።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸውና ከሚነግዱባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ መሐል ከተማ የሚታቀደው እያንዳንዱ ነገር በአማርኛ የሚያስብ፣ በአማርኛ ሒሳቡን የሚሠራ ነጋዴና ቤተሰብ ላይ ያርፋል።

2. ንድፈ ሐሳባዊ መነሻ፦ የመሰላሉ ደረጃና የጊዜ ጥያቄ

በአሜሪካ የከተማ ዕቅድ ታሪክ ውስጥ የነዋሪ ተሳትፎ ጥያቄ የተወለደው ከጉዳት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይሎች ርቀት ላይ፣ በዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ ክፍል፣ በ1950ዎቹ ሰፈሩ በሞላ ጎደል ፈርሶ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሥተዋል። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በርማን በፓርከር ላይ በተባለው መዝገብ ይህ ዓይነቱ ማፍረስ ሕጋዊ ነው ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመት የወጣው የቤቶች ሕግ ግን የፌደራል ገንዘብ የሚጠይቁ ከተሞች በዕቅዳቸው ውስጥ የነዋሪዎችን ተሳትፎ እንዲያካትቱ አዘዘ። ትእዛዙን ለማሟላት አማካሪ ኮሚቴዎች በየከተማው ተቋቋሙ።

ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባሳተመችው ዝነኛ ጽሑፍ የእነዚህን ኮሚቴዎች ገበና ገለጠች። የተሳትፎን ዓይነቶች በስምንት እርከን መሰላል መስላ ስታስቀምጥ፣ ለማኅተም ብቻ የሚሰበሰቡ አማካሪ ኮሚቴዎችን ከታችኛው እርከን፣ ከማታለል ተራ መደበቻቸው። ሰዎች ወንበር አግኝተው ሥልጣን ያላገኙበትን ሁኔታ ደግሞ በአምስተኛው እርከን ላይ ማባበያ አለችው። እውነተኛ ሥልጣን የሚጀምረው ከስድስተኛው፣ ከአጋርነት እርከን ነው።

የአርንስታይን መሰላል ዛሬም ይሠራል። ሆኖም መሰላሉ የሚለካው የሥልጣንን ከፍታ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ታሪክ የሚያሳየን ግን ያው አማካሪ አካል፣ በዚያው እርከን ላይ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ሲደመጥ ሌላ ጊዜ ሲዘነጋ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጊዜ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ብሂላችን የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ የውሻው ድምፅ አልጎደለም፣ ሰዓቱ ግን አልፏል።

3. በጊዜው የደረሰ ምክር፦ ከሞሉ መውደቅ በኋላ

ሲልቨር ስፕሪንግ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የገበያ ማዕከል ነበረች። በአርክቴክት ጆን ኤበርሰን የተነደፈው ሲልቨር ቲያትር በ1938 ተከፈተ። ሄክት የተባለው ትልቅ መደብር በ1947 ቅርንጫፉን እዚያ ሠራ። ከዚያ በ1960 ጥቂት ማይሎች ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ዊተን ፕላዛ የገበያ ማዕከል ተከፈተና ሸማቹ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወዳለበት ማዘንበል ጀመረ። የሜትሮ ባቡር በ1978 ሲደርስ ከተማዋ ታንሠራራለች የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው ግን ፈጥኖ አልተጨበጠም። ቲያትሩ በ1984 ተዘጋ፤ ሄክትም ቆይቶ ወደ ዊተን ተዛወረ። በመሐል ከተማው የተዘጉ መስኮቶች በዙ።

መፍትሔ ሆኖ በየጊዜው የቀረበው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፦ ትልቅ፣ የተዘጋ ሞል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀረበው «አሜሪካን ድሪም» የተባለው ዕቅድ የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ ነው። ሱቆችን፣ የመዝናኛ ሥፍራዎችንና ሰው ሠራሽ የማዕበል ገንዳን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማስገባት ያለመ ነበር። በእንዲህ ያለ ሂደት ነዋሪው የሚጠየቀው ዕቅዱ ተነድፎ ካለቀ በኋላ ስለሆነ የሚቀረው ምርጫ መደገፍ ወይም መቃወም ነው። ሰፈሩም በዚሁ መስመር ለሁለት ተከፈለ። በኅዳር 1996 የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ዳግላስ ደንከን ፕሮጀክቱ የፋይናንስ መሠረት የለውም ብለው አቆሙት።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው ለዚህ ጥናት ዋናው። ካውንቲው ነዋሪዎችንና ነጋዴዎችን ያካተተ የመልሶ ልማት አስተባባሪ ኮሚቴ ይዞ ሥራውን እንደገና ጀመረ። የቅደም ተከተሉ ለውጥ ጥያቄውንም ለወጠው። «ይህን ዕቅድ ትቀበላላችሁ?» የሚለው ቀርቶ «ምን ዓይነት ስፍራ ትፈልጋላችሁ?» ወደሚለው ተሸጋገረ። ውጤቱ ዛሬ በዓይን ይታያል። ሞሉ ቀርቶ በእግር የሚኬድባቸው ክፍት መንገዶች መጡ። የአርት ዴኮ ቅርስ ተቆርቋሪዎች ሲሟገቱለት የኖረው ሲልቨር ቲያትር ታድሶ በ2003 በአሜሪካ የፊልም ተቋም አስተዳደር ሥር ተከፈተ። ዲስከቨሪ ኮሙኒኬሽንስ የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ዋና መሥሪያ ቤቱን አስገብቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው ኮሚቴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የካውንቲውና የግዛቱ የሕዝብ ገንዘብ፣ የአልሚዎች ካፒታልና የሜትሮው ቅርበት ድርሻቸው ከፍተኛ ነው። ኮሚቴው ያበረከተው ግን በገንዘብ የማይገዛ ነበር፤ ነጭ ወረቀት ገና ነጭ ሳለ የነዋሪውን ሐሳብ አሰፈረበት።

4. ሣሩ፦ ያልተጠበቀ ትምህርት

ሁለተኛው ታሪክ በትንሽ ቦታ ላይ የተፈጸመ ነው። ከ1927 ጀምሮ ለስብሰባና ለበዓል ያገለግል የነበረው የሲልቨር ስፕሪንግ አርመሪ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል በ1998 ሲፈርስ፣ በምትኩ የሕዝብ መሰብሰቢያ ሕንፃ ከነአደባባዩ እንደሚሠራ ቃል ተገብቶ ነበር። ግንባታው እስኪጀመር ድረስ ባዶው መሬት ላይ በ2005 ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈ።

ጊዜያዊ መሸፈኛ ተብሎ የተነጠፈው ሣር የከተማዋ ሳሎን ሆነ። ሕፃናት ይንከባለሉበታል፤ ወጣቶች ጊታር ይዘው ይቀመጡበታል፤ ከሥራ የወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን ይዘረጋበታል። መግቢያ አይከፈልበት፣ ቡና ግዛ የሚል የለበት፣ ከየት መጣህ የሚል የለበት። ሣሩ ይቆይልን የሚል ድምፅ ተነሣ። ሆኖም የአደባባዩና የሕንፃው ንድፍ ለዓመታት ተመክሮበት አልቆ ነበር። ሣሩ በ2008 ተነሣ፤ ሕንፃውና የአርበኞች አደባባይ በ2010 ተመረቁ።

እዚህ ላይ አማካሪዎቹ ጥፋተኞች አልነበሩም። ቀድመው መክረዋል፤ ቃል የተገባላቸውን ነገር ይዘው ጸንተዋል። ችግሩ ምክር አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ተደርጎ መወሰዱ ነው። ምክሩ ሲሰጥ ሕፃናት የነበሩ ልጆች ሣሩ ላይ ሲቀመጡ ወጣቶች ሆነዋል። እነሱን የጠየቀ አልነበረም።

በ2007 የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በልማቱ እምብርት ባለው ኤልስወርዝ መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በግል ጥበቃ እንዳያነሣ ተከለከለ፤ ነዋሪዎችም ካሜራቸውን ይዘው በመውጣት ተቃወሙ። የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ መንገዱ የሕዝብ መንገድ ስለሆነ ፎቶ ማንሣት መብት ነው የሚል አስተያየት ሰጡ። መንገዱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የልማቱ ውል ሲረቀቅ በግልጽ ተነሥቶ መልሱ ለሁሉም ቢነገር ኖሮ ከዓመታት በኋላ በመንገድ ላይ ሙግት ባላስፈለገ ነበር።

5. የተከራዩ ወንበር፦ ፌንተን ቪሌጅ

ከአዲሱ መሐል ከተማ በስተደቡብ ፌንተን ቪሌጅ አለ። ዝቅ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎች፣ ጠባብ ሱቆች፣ በአማርኛ የተጻፉ ማስታወቂያዎች፣ ከበር ላይ የሚቀበል የቡና ሽታ። የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ታሪክ በኪራይ ሊጻፍ የሚችል ነው። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ ከዚያ የዩ ጎዳና አካባቢ፣ ኪራይ እየናረ ሲሄድም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያ። ሰፈሩን ያሞቀው ነጋዴ ሰፈሩ ሲወደድ ለመልቀቅ የመጀመሪያው ይሆናል።

ይህ ነጋዴ በአማካሪ ወንበር ላይ ብዙም አይታይም። ምክንያቱን ለማወቅ የአንድ ምሽትን ሰዓት መመልከት ይበቃል። ስብሰባ የሚጀመረው ሠራተኛው ከቢሮ ሲወጣ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት በዚያ ሰዓት እንጀራ እያወጣ፣ ትእዛዝ እየተቀበለ፣ በስልክ የታዘዘውን እያሸገ ነው። ጥሎ ቢሄድ የዕለቱን ገቢ ያጣል። የቤት ባለንብረቱ ግን እራቱን በልቶ፣ ሰነዱን አንብቦ ይመጣል። ማንም ማንንም አላገለለም፤ ሰዓቱ ብቻውን መረጠ።

የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ የዚህን ክፍተት ዋጋ ያሳያል። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘረጋው መስመር ግንባታው በ2017 ተጀምሮ ከታሰበለት ጊዜ በዓመታት ዘግይቷል። በቦኒፋንት ጎዳና መንገድ ሲቆፈርና የመኪና ማቆሚያ ሲጠብ የተጎዱት በቀን ገቢ የሚያድሩ ትናንሽ ሱቆች ናቸው። ባቡሩ ሲያልቅ አካባቢውን ይጠቅማል፤ ጥያቄው በቁፋሮው ዘመን ሱቁን ዘግቶ የሄደው ሰው ያን ቀን ለማየት ይኖራል ወይ የሚለው ነው። የካውንቲው ምክር ቤት በ2022 ያጸደቀው አዲሱ የመሐል ከተማ ዕቅድም ተጨማሪ ግንባታ የሚፈቅድ ስለሆነ ይኸው ጥያቄ እንደገና ይመጣል።

6. የመፍትሔ ሐሳቦች

አገር ቤት የኖረ ሰው እድርን ያውቃል። እድርተኛው መርዶ የሚሰማው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት አይደለም። ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ይጠራል፤ ጥሪው ሰው ወዳለበት ይሄዳል። አማካሪ ቦርዶች ከዚህ የሚማሩት አለ። ማስታወቂያ አውጥቶ መጠበቅ የሚያመጣው ሁልጊዜ የሚመጣውን ሰው ነው።

ስለዚህ አንደኛ፣ ከአማካሪ ወንበሮች የተወሰኑት ለንግድ ቤት ተከራዮችና ለቤት ተከራዮች በመተዳደሪያ ደንብ ይመደቡ። ሁለተኛ፣ ቦርዱ ቢያንስ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሱቆች ጭር በሚሉበት የሰኞ ረፋድ፣ በሰፈሩ ውስጥ፣ በአማርኛና በስፓኒሽ አስተርጓሚ ይሰብሰብ። ሦስተኛ፣ የሕዝብ መሬት ለአልሚዎች ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት የቦርዱ ምክር በጽሑፍ ይጠየቅ። ካውንቲው ያልተቀበለውን ምክር ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ይመልስ። ይህ ሥልጣንን ከተመራጮች አይነጥቅም፤ ዝምታን ብቻ ይነጥቃቸዋል። አራተኛ፣ ግንባታ ዓመታት ከወሰደ ምክሩ ይታደስ።

የእኛም ድርሻ አለ። የማኅበረሰቡ ማኅበራትና ቤተ እምነቶች ለቦርድ አባልነት ማመልከቻ ሲወጣ ወጣቶቻቸውን ማዘጋጀት፣ ነጋዴዎችም ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ሱቅ እየጠበቀ ወደ ስብሰባ መሄድ ይችላሉ። ዕቁብ የሚጥል ማኅበረሰብ ተራ መጠበቅን አይማርም፤ ያውቀዋል።

7. መደምደሚያ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ከንቲባ መልኳን ቀይራለች። በ1996 ሞሉ ሲወድቅ የተከፈተው አጭር ጊዜ ነዋሪው አስቀድሞ እንዲናገር አስችሏል፤ የተገኘውም ክፍት ጎዳናና የተረፈ ቲያትር ነው። ሣሩና ፌንተን ቪሌጅ ደግሞ ያ በር ለሁሉም እኩል እንዳልተከፈተ ያስታውሱናል። የአማካሪ አካል ጥራት የሚመዘነው በስብሰባዎቹ ብዛት ወይም በሪፖርቶቹ ውፍረት አይደለም። አንድ የፌንተን ጎዳና ነጋዴ የኪራይ ውሉን ለማደስ ብዕር ከማንሣቱ በፊት፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ምን ሊሠራ እንደታሰበ ያውቅ ነበር ወይ? ስለ እሱስ ያለውን ተናግሮ ነበር ወይ? መመዘኛው ይህ ነው።