ባለ 10 ዶላሩ ጥበብ

ሥነ ጥበብ ሲባል ሸራና ቀለም ብቻ የሚመስለን ካለን፣ እስቲ ወደ 1993 እ.ኤ.አ. እንመለስ። ቦታው ሳንዲዬጎ ነው፤ አሜሪካ ከሜክሲኮ የምትዋሰንበት ከተማ። ዴቪድ አቫሎስ፣ ሉዊስ ሆክና ኤልዛቤት ሲስኮ የተባሉ ሦስት አርቲስቶች፣ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች ፊርማቸው ያረፈበት 10፣ 10 ዶላር ማደል ጀመሩ። የሥራው ስም «የጥበብ ተመላሽ» ነበር። ገንዘቡስ? መንግሥት ለኪነ ጥበብ ከሚሰጠው ድጋፍ።

አቤት የተነሳው ጫጫታ! «በግብር ከፋዩ ገንዘብ ይቀለዳል እንዴ?» ተባለ። ድጋፉን የሰጠው የፌዴራል ተቋምም የታደለውን ብር አልሸፍንም አለ።

አርቲስቶቹ ግን የፈለጉት ይህንኑ ጭቅጭቅ ነበር። ግብር ከፋዩ ማን ሆነና? ያ ወረቀት የሌለው ሰው ሱሪ ሲገዛ ግብር ይከፍላል፤ ቤንዚን ሲቀዳም ይከፍላል። የተሰጠው 10 ዶላርም ሱቅ በገባ ቁጥር ከፊሉ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል። ጉልበቱን በርካሽ እየገዙ «በላን» ማለት፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አይደል?

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። በ1994 የካሊፎርኒያ መራጮች፣ ወረቀት የሌላቸውን ከመንግሥት ትምህርት ቤትና ከድንገተኛ ውጭ ካለ የመንግሥት ሕክምና የሚያግድ ሕግ በድምፃቸው አጸደቁ። ፍርድ ቤት ባያግደው ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ልጆች ነበሩ።

ሦስቱ አርቲስቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አልሠሩም። ብሩም ተመንዝሮ ጠፋ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተመነዘረም፦ ድንበር የሚያግደው ሰውየውን ነው ወይስ ደሞዙን?