የኤሌክትሪክ ሻጩ አንድ ነው፤ ቆጣሪውስ?

በአንዳንድ አገሮች ደንበኛው የኤሌክትሪክ ሻጩን ያማርጣል። በላምበረት ግን ከዋናው መስመር ኃይል የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለአገልግሎቱ ተሰጠ። የሂሳብ አቤቱታም የሚቀርበው ለዚሁ ተቋም ነው።

ለነዋሪው ይበልጥ የሚያሳስበው ቆጣሪው ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ፣ ወርኃዊው ፍጆታ ሲያድግ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አከራይና ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲገለገሉ ፍጆታቸው ይደመራል፤ ለብቻው ቢሆን ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፈው ተከራይም ከፍ ያለ እርከን ዋጋ ሊደርስበት ይችላል። አምፖልና ስልክ ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ የእንጀራ ምጣድ ከሚጥደው ጎረቤቱ ጋር እኩል ሲካፈል ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ የእያንዳንዱን ፍጆታ ይለያል፤ እርከኑን ግን አያወርድም።