ማዕድ፣ በርጫና የሰውነት ክብደት በጨርጨር ከተሞች

በጭሮና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሰው ወድዶና አስቦ ክብደት መቀነስ የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት መክሳት የድርቅ፣ የበሽታ ወይም የሐዘን ምልክት ነበር። ያዘነን፣ የተጨነቀንና የደከመን ሰው አብልቶ ማጽናናት ደግሞ የአካባቢው ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚጋራው ወግ ነው። ስለዚህ በሐዘን ወይም በጭንቀት ወራት ከልክ በላይ በልቶ የወፈረ ሰው መለስ ለማለት ሲነሣ የሚገጥመው የራሱ አምሮት ብቻ አይደለም፤ የሚወዱት ሰዎች ደግነትም አብሮ ይገጥመዋል።

ጭሮ ያለችበት የጨርጨር ደጋ የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ የገዳ ጉባኤያቸው መቀመጫ ኦዳ ቡልቱም የሚገኘውም በዚሁ ምድር ነው። ገበሬው ማሽላና በቆሎ ያመርታል፤ ከቆላው ከሚኤሶ በኩል ከብትና ወተት ይመጣል፤ የቡና ቅጠል ወይም ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ተዳፋቱን ሲቆፍር፣ እርከን ሲክብ፣ ገበያ በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሰው የበላው ሁሉ በሥራ ያልቅበታል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ሥጋ መልበስ ቤቱ የሞላለት ሰው ምልክት፣ ለክፉ ቀንም ስንቅ ነበር። ክፉው ቀን ደግሞ ተመላልሶ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የደረሰው ድርቅ ሚኤሶንና ሌሎች የዞኑን ቆላማ ቦታዎች ክፉኛ ጎድቷል። ሰው ሲገናኝ «ምነው ከሳህ? ምን ሆንክ?» ብሎ በስጋት መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከተማ ሌላ አኗኗር ይዞ መጣ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሚኤሶ የቆላው ጣቢያ ሆነች። ደጋው ላይ ደግሞ ሩሲያ የተማሩት፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለች፤ የዛሬዋ ጭሮ ናት። በከተማው የሚሰፍሩት ጸሐፊ፣ ዳኛና ባለሱቅ ተቀምጠው የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ሩዝ ከጅቡቲ መስመር ገባ። ፓስታና መኮሮኒ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ተስፋፉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ስኳርም በየከተማው እየተለመደ ሄደ። ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ሲቀንስ ማዕዱ ግን እርሻ ውሎ ለመጣ ሰው እንደሚቀርብ ሆኖ ቀጠለ።

ከማዕድ ሁሉ ለሐዘን የቀረበው እዝን ነው። ሟች በወጣበት ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት አብስሎ ይመጣል። በሙስሊሙ ዘንድ ይህ ወግ መሠረቱ ሩቅ ነው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በሙእታ ጦርነት፣ በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት ነቢዩ ሙሐመድ ቤተሰቡ በሐዘን ተይዟልና ምግብ ሥሩላቸው ብለው ማዘዛቸው ይነገራል። በኦርቶዶክሱ ቤት እዝኑ ካለፈ በኋላ የአርባው ቀን ተዝካር ይከተላል። ሐዘንተኛው አልበላም ሲል «ለእኔ ስትል ቅመስ» ተብሎ ይጎርሳል። ይህ ወግ ጥልቅ ጥበብ አለው፤ ድንገተኛ ድንጋጤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋልና ሰውየው በራሱ ቢተው ይጎዳ ነበር። ጭንቀቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቅ ግን የሰውነት ጠባይ ይገለበጣል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ ያምራል፤ እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ረሃቡ ይብሳል። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ማንም ሳይጋብዘው በማታ ብቻውን የሚበላው ሐዘንተኛ እዝኑ ያልደረሰበት ሰው ነው።

በዚህ አካባቢ የሐዘኑንም የመብሉንም ሰዓት የሚወስነው ሌላ ነገር ጫት ነው። ጫት በኢትዮጵያ በጽሑፍ የሚታወቀው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የኢፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መፎከሩን ያወሳል። በጨርጨር የቡና በሽታና የቡና ዋጋ መዋዠቅ ብዙ ገበሬዎችን ወደ ጫት ገፍቷል፤ የገለምሶ ጫትም በአዲስ አበባ በስሙ ይጠራል። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቷል፤ አሠራሩ ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። ረሃብን ያስረሳል፤ ጨጓራም የያዘውን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገያል።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ጫትን የማክሻ መድኃኒት አድርገው ያዩታል። የበርጫው፣ ማለትም ጫት ለመቃም የሚቀመጡበት ጊዜ፣ ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ቃሚ ከመቀመጡ በፊት ጠገብ ያለ፣ ቅባት ያለው ምሳ ይበላል። ከሰዓት በኋላው በስኳር ሻይ፣ በለስላሳ መጠጥና በኦቾሎኒ ያልፋል። እራት ሰዓቱን ያልፋል ወይም ይቀራል። የጫቱ ሞቅታ፣ ምርቃናው፣ ሲወርድ መንፈስም አብሮ ይወርዳል፤ እንቅልፍ እምቢ ባለበት እኩለ ሌሊት የተረሳው ረሃብ ከሐዘን ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። አንዳንዱም በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ፣ ምርቃናውን ይሰብራል፤ መጠጡም ራሱን የቻለ ምግብ ያህል ኃይል አለው። ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላሁም የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ የሌሊቱና የብርጭቆው ግን ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው፤ ከሻይ ስኳር በመቀነስና እራትን በጊዜው በመብላት።

ጾም ከዚህ ጋር የተያያዘ የራሱ ታሪክ አለው። ረመዳን በራሱ አያከሳም፤ በሳምቡሳና በጣፋጭ የተሞላ ኢፍጣርና የሌሊቱ በርጫ ቀኑን ያካክሳሉ። የሁዳዴ 55 ቀናትም እንጀራው ካልቀነሰ ክብደቱን ብዙ አይነኩም። የጾም ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ በዚህ ማኅበረሰብ ምግብ እምቢ ማለት ማንንም የማያስቀይምበት ጊዜ ይኸው ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሙስሊም፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ክርስቲያን «ብላ» ተብሎ አይጨቀጨቅም። ስለ አመጋገቡ ለሰው ማስረዳት ለሚከብደው ጀማሪ ይህ ጥላ ውድ ነው።

በነዚህ ከተሞች ሰውነት ሲለካ በብዛት መክሳትን ለመለየት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ ዙሪያ ይለካሉ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ደግሞ በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞች መክሳት ሐሜት የሚያስነሣ ሆኖ ነበር፤ ሰው ሆን ብሎ ቢቀንስ እንኳ ታመመ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ዛሬ በጤና ተቋማት ሚዛን ላይ የሚወጣው የስኳርና የደም ግፊት ታማሚም ነው፤ ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሱ ብቻ የደም ስኳሩንና ግፊቱን ያሻሽላል።

ክብደት መቀነስ ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ ይዞት የቆየውን ውኃ ይለቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀንስ ተስፋ የሚቆርጠው ብዙ ነው፤ የሚወርደው በአብዛኛው ስብ የሚሆነው ግን ያን ጊዜ ነው። ጫቱንም ምግቡንም በአንድ ቀን ለመተው የሚነሣ ሰው ደግሞ ድርብ ሸክም ይወድቅበታል። ቃሚ ሲያቆም ሀራራው፣ ድብርቱና ዱካኩ (የሌሊት ቅዠቱ) ይመጣሉ፤ ታፍኖ የቆየው የምግብ ፍላጎትም ይከፈታል፤ በእነዚያ ቀናት ክብደት ሊጨምር ይችላል። ያ ጭማሪ እንቅልፉ ሲስተካከልና እራት ወደ ሰዓቱ ሲመለስ ጋብ ይላል፤ ክብደቱን መቀነስ ከዚያ በኋላ ቢጀምር ሸክሙ ይቀልለታል።